ከውርጃ በኋላ ሆስፒታል የገባች ሴት፦ ምን ይገጥማታል? ሕጉስ ምን ይላል? ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ ላላችሁ ሁሉ

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ ከሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተረጋግታችሁ አንብቡት። አንድ ቀን ለእህታችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ለዶርም ጓደኛችሁ ወይም ለራሳችሁ ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለ ውርጃ በአካባቢያችን በግልጽ አይወራም። በሹክሹክታ ነው፤ እሱም «እከሊት እንዲህ ሆነች አሉ» ተብሎ ነው የሚያልፈው። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው «አስወረደች» የሚለው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ማለትም ደም ሲፈሳት፣ ትኩሳት ሲይዛት፣ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ልግባ ወይስ ልመለስ ስትል ያለው ሰዓት አይወራም። ሕይወት የሚተርፈውም የሚጠፋውም ግን እዚያ ሰዓት ላይ ነው። እኛም ዛሬ የምንጽፈው ስለዚያ ሰዓትና ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

ፅንስ ማቋረጥ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍትም። ወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚኖርበት አገር ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ እምነት አለው፣ እናከብራለን። የታመመች ሴት መታከም አለባት በሚለው ላይ ግን ማንም የሚለያይ አይመስለንም።

■ መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

ብዙ ሰው ሁሉንም «አቦርሽን» ብሎ ይጠራዋል። የሚከተሉት ግን ይለያያሉ፦

• በራሱ የሚከሰት ውርጃ፦ ሴትየዋ ምንም ሳታደርግ ፅንሱ ሲወርድ። በጣም የተለመደ ነው፤ ልጅ በጉጉት የምትጠብቅ ባለትዳርም ይገጥማታል።

• ሆን ተብሎ የሚደረግ ፅንስ ማቋረጥ፦ በመድኃኒት ወይም በመሣሪያ የሚደረግ። በሠለጠነ ባለሙያ፣ በትክክለኛው ዘዴ ከተሠራ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ይባላል። በማይመለከተው ሰው ወይም በማይሆን ዘዴ ከተሠራ ደግሞ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ይባላል።

• ያላለቀ ውርጃ፦ ፅንሱ ወጥቶ ቀሪው ማህፀን ውስጥ ሲቀር። ደም አልቆም የሚለውና ኢንፌክሽን የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

• ከውርጃ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና፦ የዛሬው ርእሳችን ይሄ ነው። ውርጃው በራሱ ይምጣ፣ ሆን ተብሎ ይደረግ፣ ሕጋዊ ይሁን አይሁን፣ ከዚያ በኋላ ለመጣው ችግር የሚሰጠው ሕክምናና ምክር ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር በዓለም ደረጃም ስምምነት የተደረሰበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካይሮ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ልማት ጉባኤ አገሮች ስለ ውርጃ ሕግ ብዙ ተከራክረዋል። በአንድ ነገር ላይ ግን ተስማምተዋል፦ የአገሩ ሕግ ምንም ይበል ምን፣ በውርጃ ምክንያት ችግር የደረሰባት ሴት ጥራት ያለው ሕክምና፣ ምክርና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ሳይዘገይ ማግኘት አለባት።

■ ስለ ቦሩ ሜዳ ለምን?

ቦሩ ሜዳ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የታሪክ ትምህርት ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ። ለደሴና ለአካባቢው ሰው ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ሆስፒታሉም ነው። ሆስፒታሉ በንጉሡ ዘመን በሚስዮናውያን የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ያኔ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከቤቱም ከሰፈሩም ይገፋ ነበር፤ ሰው አይጠጋውም፣ ሕመሙም እንደ እርግማን ይቆጠር ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ የተሠራው ሆስፒታል እነዚያን ሰዎች ተቀበለ። በኋላ ወደ ጠቅላላ ሆስፒታልነት አደገ፤ የቲቢና የቆዳ ሕሙማን ከሩቅ ይመጡበታል፣ በኮቪድ ጊዜም የሕክምና ማዕከል ሆኖ አገልግሏል።

ይህን የምናነሳው ለታሪክ ብቻ አይደለም። የአካባቢያችን ሰው ያኔ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ያደርግ የነበረውን፣ ዛሬ ባስወረደች ሴት ላይ ያደርገዋል። ትደበቃለች፣ ትገፋለች፣ ስሟ ይነሳል። ለዚህ ነው ሆስፒታል ከበሽታው እኩል መገፋቱንም ማከም አለበት የምንለው።

በደሴ ዙሪያ ይህ ጉዳይ የሚነካቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ናቸው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ከቤተሰብ ርቀው፣ ቤት ተከራይተው ለሥራ ይኖራሉ። ከአረብ አገር የሚመለሱ እህቶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ በአሠሪ ቤት ግፍ ደርሶባቸው። በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ። በወሎ የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። በአማራ ክልል ጦርነቱ በደረሰባቸው ቦታዎች ሴቶች እንደተደፈሩም የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ቀን ከገጠር ወረዳ ሆስፒታል መድረስ ራሱ ፈተና ሆኗል።

■ ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሴት ሆስፒታል የማትሄደው «ያስሩኛል» ብላ ስለምትፈራ ነው። ስለዚህ ሕጉን በደንብ እንየው።

የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ለዚያም የሐኪሞች የጽሑፍ ማረጋገጫ ይጠይቅ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 በሩን ሰፋ አደረገው። በሕክምና ባለሙያ የሚደረግ ፅንስ ማቋረጥ በሚከተሉት ምክንያቶች አያስቀጣም፦

1. እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተደረገ ግንኙነት የመጣ ከሆነ
2. እርግዝናው መቀጠሉ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት፣ ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ
3. ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት
4. ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች

አንቀጽ 552 ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ይላል። የተደፈረች ሴት እርግዝናው የመጣው በመደፈር መሆኑን ለማስረዳት የራሷ ቃል በቂ ነው። የፖሊስ ማስረጃ አምጪ፣ ምስክር አቅርቢ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አሳይ አይባልም።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ባወጣውና በ2006 ዓ.ም. ባሻሻለው መመሪያ ላይ ዕድሜን በተመለከተም እንዲሁ ነው፤ ባለሙያው የሚይዘው ሴትየዋ የነገረችውን ዕድሜ ነው፣ መታወቂያ ወይም የልደት ካርድ አይጠየቅም።

ከእነዚህ ምክንያቶች ውጪ የሚደረግ ውርጃ አሁንም በሕግ ያስቀጣል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንዳይምታታ፦

አንደኛ፣ ሕጉ የሚቀጣው ድርጊቱን ነው፤ ሕክምናውን አይደለም። ደም የሚፈሳት ሴት ምንም አድርጋ ትምጣ ምን፣ እርሷን ማከም ወንጀል አይደለም። ይልቁንም ያለ በቂ ምክንያት በብርቱ የተቸገረ ሕመምተኛን አላክምም ማለት ነው ባለሙያን የሚያስጠይቀው።

ሁለተኛ፣ የታካሚ ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስትና የመሳሰሉት በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ቢያወጡ እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ኮሪደር ላይ ቆሞ «ያቺ እኮ አስወርዳ ነው» ማለት የሐሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

■ ቁጥሮቹ ምን ያሳያሉ?

በአገር አቀፍ ደረጃ ሁለት ጊዜ ሰፊ ጥናት ተደርጓል፤ በ2000 ዓ.ም. እና በ2006 ዓ.ም. ገደማ። ግምቱ እንዲህ ነው፦

• በመጀመሪያው ጥናት በዓመት 382,000 ገደማ ሆን ተብለው የተደረጉ ውርጃዎች ነበሩ። በሁለተኛው 620,300 ገደማ።

• በጤና ተቋም ውስጥ የተደረገው ድርሻ ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ አድጓል።

• በውርጃ ምክንያት ችግር ደርሶባቸው በጤና ተቋም የታከሙ ሴቶች ከ52,600 ወደ 103,600 ገደማ ደርሰዋል።

የመጨረሻው ቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። «ሕጉ ከተላላ በኋላ ችግሩ ባሰ እንዴ?» ያስብላል። ነገር ግን የታካሚ ቁጥር መጨመር ሁልጊዜ የጉዳት መጨመር ማለት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ጤና ጣቢያዎች በዝተዋል፣ ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነዋል፣ የወጣት ሴቶች ቁጥርም ጨምሯል። ድሮ ቤቷ የምትሞተው አሁን ተቋም እየደረሰች ነው ማለትም ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል ግን ግማሽ የሚጠጋው ውርጃ ያኔም ከጤና ተቋም ውጪ ነበር። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ፤ ወደ ግማሹ ግን በሩን አላንኳኳም። ለምን? አንዱ መልስ ሴቶች ሆስፒታል ውስጥ የሚገጥማቸው ነገር ነው።

■ ሆስፒታል ስትገባ ምን ይደረጋል?

ብዙዎች የሚፈሩት የማያውቁትን ነው። በአግባቡ ሲሠራ ሂደቱ ይህን ይመስላል፦

1. ድንገተኛ ምርመራ፦ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት፣ የደም መጠን ይታያል። ብዙ ደም ከፈሰሳት በደም ሥር ፈሳሽ፣ ካስፈለገም ደም ይሰጣታል። ይህ ከካርድ ወረፋና ከጥያቄ ብዛት ይቀድማል።

2. ጥያቄ፦ የመጨረሻ የወር አበባ መቼ ነበር? መድኃኒት ወስደሻል? ምን ወሰድሽ? የሆነ ነገር ወደ ማህፀን ገብቷል? እዚህ ጋ እውነቱን መናገር ሕይወት ያድናል። ባለሙያው የሚጠይቀው ለፖሊስ ሳይሆን ለሕክምናው ነው። ማህፀን ተበስቶ ከሆነ፣ መርዛማ ነገር ተወስዶ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው።

3. ማህፀንን ማጽዳት፦ ቀሪ ነገር ካለ በሁለት መንገድ ይወጣል። በመድኃኒት ወይም «ኤም ቪ ኤ» በሚባለው በእጅ በሚሠራ መሳቢያ። መሳቢያው ራሱ ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አይወስድም። የዓለም ጤና ድርጅት በብረት መፋቅ የሚባለውን የድሮ ዘዴ በእነዚህ እንዲተካ ይመክራል።

4. ሕመም ማስታገሻ፦ ይህ «ካለ ይሰጣል» የሚባል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለእያንዳንዷ ሴት መሰጠት አለበት ይላል።

5. ኢንፌክሽን ካለ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት።

6. ምክርና የቤተሰብ ምጣኔ፦ ከመውጣቷ በፊት፣ በፈቃዷ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቤተሰብ ምጣኔ በነፃ ነው።

በአገራችን ያለ ከባድ ችግር የመጣን ያላለቀ ውርጃ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጤና ጣቢያም ያክማል። እርግዝናው የገፋ ከሆነ፣ ደሙ ብዙ ከሆነ ወይም ኢንፌክሽኑ ከባድ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል።

■ ሴቶቹ የሚናገሩት

ከላይ ያለው በመመሪያው ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች ሴቶችን ባነጋገሩ ጥናቶች ውስጥ ግን ደጋግመው የሚመጡ ጉዳዮች አሉ። አንባቢዎቻችንም ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

ፍርሃቱ ከበር ይጀምራል። ብዙዋ ሴት የምትመጣው ዘግይታ ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን «ይቆም ይሆናል» ብላ ትጠብቃለች። ፈረቃ ከቀረች ደሞዝ የሚቆረጥባት፣ ሰፈር ውስጥ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ዘመድ ያላት፣ ለአከራይዋ ምን ልበል የምትል አለች። አንዳንዷ ሆን ብላ ከተማ ቀይራ ትታከማለች፤ የደሴዋ ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻዋ ደሴ። ደም እየፈሰሳት ሚኒባስ ላይ የምታሳልፈው ያ ሰዓት ለሰው ዓይን የከፈለችው ዋጋ ነው።

ካርድ ክፍል። «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ተብሎ በመስኮት ጮክ ብሎ ሲጠየቅ፣ ከኋላ ሃያ ሰው ተሰልፎ፣ ምን ብላ ትመልስ? አንዳንዷ «ሆዴን» ብላ ወደ ሌላ ክፍል ትላካለች፤ ጊዜው ይባክናል። ቀላል መፍትሔ አለው፦ «ወደ ማህፀን ክፍል ነው» ካለች ካርድ ክፍሉ ሌላ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ስሟ ይጠፋል። ክፍሉ ውስጥ «የአቦርሽኗ» እየተባለች ትጠራለች። ስም እያላት በጉዳይዋ መጠራት፣ ሌሎች ታካሚዎች ባሉበት፣ ቀላል የሚመስል ግን የማይረሳ ነገር ነው።

ከወላዶች ጋር መተኛት። በብዙ ሆስፒታሎች የቦታ እጥረት ስላለ ፅንስ የወረደባት ሴት ወላዶች ባሉበት ክፍል ትተኛለች። ጎንዋ ያለችው ሕፃን ታጠባለች፤ አስታማሚዎች ገንፎ ይዘው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ። ልጇን ፈልጋ ላጣችውም፣ ወስና ላቋረጠችውም ከባድ ነው። መጋረጃ አንድ ሜትር ጨርቅ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

ባልሽ የት ነው? ያላገባች ሴት ከሁሉም በላይ የምትፈራው ይህን ጥያቄ ነው። ለሕክምናው የባል መኖር አስፈላጊ አይደለም። የሚያስፈልገው የእሷ ፈቃድ ነው። ጥያቄው ለሕክምና ካልጠቀመ ለፍርድ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ሕመሙ። «ስትሠሪው አላመመሽም?» የሚል ዓይነት ንግግር በእኛ አገር የማዋለጃ ክፍሎች የሰማ ሰው ብዙ ነው። ማስታገሻ እያለ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ወይም ሳይነገራት ሥራው ሲጀመር፣ ሴትየዋ ሕመሙን እንደ ቅጣት ነው የምትረዳው። እንዲህ የታከመች ሴት ሁለተኛ ጊዜ ደም ቢፈሳት አትመጣም። ለጓደኛዋም «አትሂጂ» ትላለች። አንድ ክፉ ቃል አንዲትን ሴት ብቻ አይጎዳም፤ ከእሷ በኋላ የሚመጡትንም ከበር ይመልሳል።

ደጉም ይነገር። በእነዚሁ ጥናቶች ውስጥ ሴቶች በምስጋና የሚያስታውሷቸው ባለሙያዎች አሉ። የሚያስታውሱትም ትልቅ ነገር አይደለም፤ በር የዘጋች ነርስ፣ «አሁን ይህን ላደርግ ነው፣ ትንሽ ይሰማሻል» ብሎ የነገረ ጤና መኮንን፣ እጇን የያዘች አዋላጅ። በእኛ አገር ቋንቋ «አብሽሪ» የምትል አንዲት ቃል። መድኃኒት አያስፈልጋትም፣ በጀትም አትጠይቅም።

■ ባለሙያዎቹስ?

ጥፋቱን ሁሉ ነርስና ሐኪም ላይ ጭኖ መሄድ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ በባለሙያዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ብዙዎቹ በሕጉ፣ በእምነታቸውና ፊታቸው በቆመችው ሴት መካከል እንደሚጨነቁ ያሳያል። ሕጉ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የተወው፤ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ተረኛዋ ባለሙያ ብቻዋን ነው።

በዚህ ላይ የሌሊት ተረኛዋ አንድ ናት፤ ምጥ ላይ ያለች አለች፣ ደም የሚፈሳት አለች። ጓንት ያልቃል፣ ማስታገሻ ያልቃል። አገልግሎቱን የሚሰጡ ባልደረቦችም በሌሎች ዘንድ በክፉ ዓይን ይታያሉ። የአሜሪካ መንግሥት ፖሊሲ በፕሬዚዳንት በተቀየረ ቁጥር እንደ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርና ሜሪ ስቶፕስ የመሳሰሉ ተቋማት በእርዳታ መቆም የሚጎዱትም ለዚህ ነው፤ ፖሊሲው እ.ኤ.አ. በ2017 ተመልሶ፣ በ2021 ተነስቶ፣ በ2025 እንደገና ተመልሷል። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት እዚህ ክሊኒክ ውስጥ ያለውን መደርደሪያ ያጎድላል።

ይህ ሁሉ ግን መጋረጃ ላለመዝጋትና በስም ላለመጥራት ምክንያት አይሆንም። ድካም ያለበት ሰው ሊዘገይ ይችላል፤ ማዋረድ ግን የድካም ምልክት አይደለም።

■ እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ሂዱ

ከውርጃ በኋላ ቀለል ያለ ደምና የወር አበባ ዓይነት ቁርጠት እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የሚከተሉት ግን አደጋ ናቸው፦

• በሰዓት ሁለትና ከዚያ በላይ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ለሁለት ተከታታይ ሰዓት
• ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነና የማይለቅ ትኩሳት
• መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ
• ማስታገሻ የማይበግረው የሆድ ሕመም፣ ወይም የሆድ መንፋትና መጠንከር
• ራስን መሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብና መገርጣት
• ሽንት መቀነስ ወይም መቆም

ከእነዚህ አንዱ ካለ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። «እስኪነጋ» አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

■ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ

ማርገዝ ትችላለች፤ ያውም ቶሎ። ብዙ ሴት የወር አበባ እስኪመጣ አላረግዝም ብላ ታስባለች። ተሳስታለች። እንቁላል በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊለቀቅ ይችላል፤ የወር አበባ የሚመለሰው ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ለዚህ ነው የቤተሰብ ምጣኔ ምክር ከመውጣቷ በፊት የሚሰጠው። ነገር ግን ምክር ምክር ነው። «ይህን ካላስገባሽ አላክምሽም» ማለት አይቻልም።

መድኃኒቱን ትጨርስ። ትኩሳቱ ጠፋ ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቆም ኢንፌክሽኑን ይመልሰዋል።

ስሜቷ። አንዷ እፎይ ትላለች፤ አንዷ ታለቅሳለች፤ አንዷ ሁለቱንም በአንድ ቀን። የትኛውም እብደት አይደለም። ግን እንቅልፍ ከጠፋ፣ መብላት ካቆመች፣ ራሷን ስለመጉዳት ካወራች ብቻዋን አትተዉአት፤ ወደ ሕክምና ውሰዷት። የተደፈረች ከሆነች ደግሞ ቶሎ ጤና ተቋም መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

■ የሚወሩ ግን ትክክል ያልሆኑ ነገሮች

«አንዴ ያስወረደች ሁለተኛ አትወልድም።» በአግባቡ የተሠራና በጊዜ የታከመ ውርጃ መካን አያደርግም። መካንነት የሚያመጣው ያልታከመ ኢንፌክሽን ነው። ስለዚህ በኋላ ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት መሸሽ ሳይሆን መታከም ነው ያለባት።

«ፋርማሲ ሄደሽ ኪኒን ብቻ ግዢ፣ በቃ።» መድኃኒቱ ራሱ በባለሙያ ሲሰጥ ጥሩ ይሠራል። ችግሩ ስንት ሳምንት እንደሆነች፣ እርግዝናው ከማህፀን ውጪ መሆን አለመሆኑን ሳታውቅ፣ አወሳሰዱን ሳይነግሯት ሲሸጥላት ነው። ከማህፀን ውጪ ያለ እርግዝና በዚያ ኪኒን አይወርድም፤ ሊፈነዳ ይችላል።

«ሆስፒታል ከሄድሽ ለቤተሰብሽ ይደውላሉ።» የታካሚ ምስጢር የታካሚዋ ነው። ለማን ይነገር የሚለውን የምትመርጠው እሷ ናት።

■ አስታማሚ ከሆናችሁ

ጓደኛችሁ ደውላ «ነይ» ወይም «ና» ካለቻችሁ እነዚህን ያዙ፦ ሞዴስ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ነጠላ ወይም ጋቢ፣ ውኃ፣ ጥቂት ብር፣ የወሰደችውን መድኃኒት ካርቶን። ጥያቄ አታብዙባት። ካርድ እናንተ አውጡ፤ ወረፋው ላይ እሷ አትቁም። ክብሯ ሲነካ ካያችሁ በጨዋነት «እባክሽ ሲስተር፣ መጋረጃውን እንዝጋው» በሉ። ካልሆነ ተረኛ ኃላፊውን ጠይቁ፤ በየሆስፒታሉ የአስተያየትና ቅሬታ መቀበያ አለ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሆነውን ጽፋችሁ አቅርቡ። ፎቶ ግን አታንሱ፤ እሷንም ሌሎችንም ታጋልጣላችሁ።

ወንዶችም፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉ። እርግዝናው ሲመጣ ሁለት ሰው ነበር፤ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምትቆመው አንዷ ብቻ ናት። ቢያንስ የትራንስፖርቱን፣ የመድኃኒቱን፣ አብሮ የመቀመጡን ድርሻ ውሰዱ።

■ በመጨረሻ

እነዚያ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ወደ ቦሩ ሜዳ ሲመጡ አብዛኛው ሰው «የራሳቸው ኃጢአት ነው» ይል ነበር። ዛሬ እንደዚያ የሚል የለም ማለት ይቻላል። የተለወጠው በሽታው ሊታከም እንደሚችል ሰው ስላየ፣ የታከሙትም ወጥተው ከሰው ጋር ስለኖሩ ነው። ከውርጃ በኋላ የምትታከም ሴትም እንደዚያው። ስትድን ካየናት፣ ተመልሳ ፋብሪካዋ ስትገባ፣ ትምህርቷን ስትጨርስ፣ በፈለገችው ጊዜ እናት ስትሆን ካየን፣ ሹክሹክታው ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። ደም ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ መጀመሪያ ሕክምና። ፍርዱን ለፈራጁ ተዉት።

ለአንዲት ሰው እንኳ ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ሼር አድርጉት። በኮሜንት የማንንም ስም አትጻፉ፤ የራሳችሁንም ታሪክ ቢሆን ማንነትን በማይገልጥ መልኩ ብቻ ጻፉ። ስም ያለበትን እናጠፋለን።